ወተቱ የአልፓይን፣ ላሟ የቦስተን

ዋሽንግተን አካባቢ ፓርኪንግ የሠራ ሐበሻ፣ ወደደም ጠላም፣ ቤዝቦል ሰምቷል። እኔም የሰማሁት እዚያችው ጠባብ የገንዘብ መቀበያ ሳጥን ውስጥ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ትቷት የሄደች ትንሽ ሬዲዮ ነበረች። ጣቢያ መቀየሪያዋ ተሰብሮ አንድ ቦታ ላይ ቀርቷል። ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ኳስ ታወራለች። መጀመሪያ ላይ ምንም አይገባኝም ነበር። እየቆየ ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘው። አንድ ተጫዋች ደጋግሞ ሲያጠፋ ተንታኙ "ወደ ታች ይላክ" ይላል። አንዱ ሲጎዳ ደግሞ "ከታች ሰው ይጠራ" ይላል። ይሄ "ታች" የሚሉት የት ነው? ማን ይኖርበታል?

ታች ማለት ማይነር ሊግ ነው፤ ትልልቆቹ ክለቦች ከሚጫወቱበት ከሜጀር ሊግ በታች ያለው። አሜሪካ ውስጥ ስሙን ሰምታችሁ በማታውቁት ከተማ ሁሉ አንድ ጊዜ ነበረ፤ በብዙዎቹ ደግሞ ጠፍቷል። እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚጠፋ በአንዲት ከተማ ታሪክ ላሳያችሁ። ከተማዋ አልፓይን ትባላለች፣ ቴክሳስ ውስጥ። ቡድኑ አልፓይን ካውቦይስ። በማይነር ሊግ የኖረው ከ1959 እስከ 1961 ነው። ሦስት ዓመት፣ አለቀ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቀው፣ ጨዋታውን በሁለት ቃል። ዘጠኝ ሰው ሜዳ ይይዛል። ከመሃል የቆመው ፒቸር ይባላል፤ ኳሷን ይወረውራል። ከሌላው ቡድን አንድ ሰው ዱላ ይዞ ይጠብቀዋል። ከመታት ይሮጣል፤ አራቱን ማዕዘን ዞሮ መነሻው ከተመለሰ አንድ ነጥብ። አጥሩን አሳልፎ ከመታት ሆም ረን ነው፤ እየተንጎማለለ ይዞራል። ሌላው ሕግ ሁሉ ጣጣ ነው፤ ለዛሬ አያስፈልገንም።

አልፓይን ከሜክሲኮ ድንበር ብዙ የማትርቅ ደጋማ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር ያልፋል። በዚያን ዘመን ሕዝቧ 5 ሺህ ገደማ ነበር። ባቡር ያልፍባታል፣ ሰል ሮስ የሚባል ኮሌጅ አላት፣ ዙሪያዋን ሣርና ተራራ ነው። ደህና የሚባል ትልቅ ከተማ ብትፈልጉ ኤል ፓሶ ናት፤ እሷም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በእንዲህ ያለ ቦታ የባለሙያ ኳስ ቡድን ምን ይሠራል? ሰው ከየት መጥቶ ትኬት ይገዛል?

መልሱ አንድ ሰው ነው። ኸርበርት ኮከርኖት ትንሹ። ትንሹ የተባለው አባቱም ኸርበርት ስለነበረ ነው እንጂ በሀብት ትንሽ አልነበረም። የቤተሰቡ የከብት መሬት ከ300 ሺህ ኤከር በላይ ነው። ወደ እኛ ሒሳብ ሲመለስ ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። የአዲስ አበባን ስፋት ሁለት እጥፍ አድርጉትና ከብት ሙሉበት። ከብቶቹ ላይ በጋለ ብረት የሚተኮሰው ምልክት "ኦ6" ነው። ይህን ምልክት ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ኮከርኖት ኳስ ያፈቅራል። መጫወቱን ሳይሆን ማየቱን። በ1947 ለከተማው ስታዲየም ሠራ። ግድግዳውን ከራሱ መሬት በተቆፈረ ቀላ ያለ ድንጋይ አስገነባ። የውስጡን ቀይ አፈር ከጆርጂያ በባቡር አስመጣ ይባላል፤ የቴክሳሱ አልመችህ ብሎት። በሮቹና አጥሮቹ ላይ ከብረት የተሠሩ የቤዝቦል ኳሶች አሉ፣ የክር ስፌታቸው ሳይቀር በቀይ ቀለም የወጣ። ከኳሶቹ ጎን ደግሞ ያ "ኦ6" አለ። በሬው ላይ ያለው ማኅተም በሩም ላይ አለ ማለት ነው። ወጪው አንድ ሚሊዮን ከሩብ ዶላር ደረሰ ተብሎ ይነገራል። በ1947 ዶላር! የሚይዘው ሰው ግን 1,400 ገደማ ብቻ ነው። እኔ የስታዲየሙን ፎቶ ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ የድሮ ባላባት ነው። ትርፍና ኪሳራ የሚያሰላ ሰው እንዲህ አይሠራም።

መጀመሪያ ላይ በዚህ ሜዳ የሚጫወተው ቡድን ማይነር ሊግ አልነበረም። "ሴሚ ፕሮ" ነው፤ ግማሽ ባለሙያ እንበለው። ኮከርኖት ከየኮሌጁ ጎበዝ ልጆች ይሰበስባል። ትምህርት ሲዘጋ መጥተው ይጫወታሉ፣ ቀን ቀን ሥራ ይይዛሉ፣ ማታ ሜዳ ይገባሉ። አለቃቸው እሱ ነው። የሚከፍላቸው እሱ ነው። ሌላ ጌታ የለም።

ቀልድ አልነበረም ደግሞ። ኖርም ካሽ የሚባል የሰል ሮስ ተማሪ እዚያ ሜዳ ላይ አድጎ፣ በ1961 ለዲትሮይት ሲጫወት በአሜሪካን ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ ነው) አንደኛ መቺ ሆኗል። ጌይሎርድ ፔሪም በወጣትነቱ የካውቦይስን ማሊያ ለብሷል፤ በኋላ በሜጀር ሊግ 314 ጨዋታ ያሸነፈ ፒቸር ነው (ድሉ በፒቸሩ ስም ይመዘገባል)። በ1957 ደግሞ የትንንሽ ኮሌጆች ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የቤዝቦል ውድድር ያካሄደው አልፓይን ላይ ነው። ዋንጫውን የወሰደው ማን ይመስላችኋል? ሰል ሮስ ራሱ።

በ1959 ግን ኮከርኖት አንድ እርምጃ ወሰደ። ቡድኑን ማይነር ሊግ አስገባ፤ ከሜጀር ሊጉ ክለብ ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር ተፈራረመ። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብለን እንየው።

እኛ አገር ክለብ ሲባል ሜዳውም፣ ማሊያውም፣ ተጫዋቹም የአንድ ቤት ነው። ቡና የቡና ነው፣ ጊዮርጊስ የጊዮርጊስ። ማይነር ሊግ ላይ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ተጫዋቹና አሠልጣኙ የትልቁ ክለብ ናቸው። ኮንትራቱን የፈረሙት ከእሱ ጋር ነው። ትልቁ ክለብ "አንተ አልፓይን ሂድ" ሲል ይሄዳሉ፣ "ተመለስ" ሲል ይመለሳሉ። ትንሹ ከተማ ላይ ያለው ባለቤት ደግሞ ሜዳውን ያዘጋጃል፣ መብራቱን ይከፍላል፣ አውቶቡሱን ይነዳል፣ ትኬትና ሳንድዊች ይሸጣል። ማን ምን ያህል ይከፍላል የሚለው ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። መሠረቱ ግን ያው ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ላም ለርቢ መስጠት ማለት ነው። ባለቤቱ ከተማ ተቀምጦ ላሙን ገጠር ላለ ዘመድ ይሰጣል። ያ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ከጅብ ይጠብቃል። በምላሹ ወተቱን ይጠጣል። ላሟ ግን የእሱ አይደለችም። አንድ ቀን ባለቤቱ ገመድ ይዞ ሲመጣ "እሺ ጌታዬ" ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለው? ተረቱ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይላል። የማይነር ሊግ ከተማ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ወተት አለ፤ ላም የለም።

አሜሪካኖቹ ራሳቸውም ይህን ሥርዓት በእርሻ ስም ነው የሚጠሩት። ያስፋፋው ብራንች ሪኪ የሚባል ሰው ነው፣ በ1920ዎቹ፣ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ኃላፊ ሳለ። ክለቡ ድሃ ነበር። ጥሩ ተጫዋች ለመግዛት ሁልጊዜ በሀብታሞቹ ይበለጣል። ስለዚህ መግዛቱን ትቶ ማርባት ጀመረ። በየትንሹ ከተማ ቡድኖችን ያዘ፣ ብዙ ልጅ በርካሽ አስፈረመ፣ ከብዙው ጥቂቱን አበጥሮ ወደ ላይ አወጣ። ሠራለት። ሌሎቹም ተከተሉት።

ተጫዋቹስ "አልሄድም" ቢል? ወዴት ይሄዳል! በዚያን ጊዜ አንዴ ለአንድ ክለብ የፈረመ ሰው ክለቡ እስካለቀቀው ድረስ የዚያው ነው። ይህ ሰንሰለት የላላው በ1975 ነው። ፍርድ ቤትም አያድነውም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 ቤዝቦል በክልሎች መካከል የሚደረግ ንግድ ስላልሆነ የፀረ ሞኖፖል ሕጉ አይመለከተውም ብሎ ወስኖ ነበር። ቡድኖቹ በየሳምንቱ ክልል አቋርጠው እየተጓዙ፣ ትኬት እየሸጡ፣ ንግድ አይደለም! እስከ ዛሬ ከመሠረቱ አልተሻረም።

ስለዚህ ኮከርኖት፣ ያ ሁሉ ከብት የራሱ ማኅተም ያለበት ሰው፣ በገዛ ስታዲየሙ የሰው ላም አርቢ ሆነ። የበሩ ብረት "ኦ6" ይላል። ከበሩ ውስጥ የሚሮጡት ልጆች ግን የቦስተን ናቸው።

የገባበት ሊግ ሶፎሞር ሊግ ይባላል። ሶፎሞር በአሜሪካ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ጀማሪዎች የሚላኩበት ነው። ያኔ ማይነር ሊግ በፊደል ደረጃ ይወጣለት ነበር። ከላይ ሦስት ኤ፣ ቀጥሎ ሁለት ኤ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ሶፎሞር ሊግ ዲ ነው። ከዚያ በታች መሬት ነው ያለው።

ዲ ላይ ጥሩ ተጫዋች ማየት ምን ይመስላል? ዶን ሽዎልን እንውሰድ። ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ይጫወት የነበረ ረጅም ልጅ ነው፤ ቤዝቦል ላይ ፒቸር። በ1959 ቦስተን አልፓይን ላከው። በአንድ የውድድር ዘመን 23 ጨዋታ አሸነፈ፣ 6 ተሸነፈ። የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። 5 ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ እንዲህ ያለ ልጅ አግኝታ አትጠግበውም። እንግዲህ ምን ሆነ? በቀጣዩ ዓመት አልፓይን ላይ የለም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1961፣ ቦስተን ራሱ ላይ 15 አሸንፎ 7 ተሸንፎ የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ።

ማይነር ሊግን መደገፍ ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው። ልጁ ጎበዝ ከሆነ ይወስዱታል። ሰነፍ ከሆነ ያባርሩታል። ከተማው ዘንድ የሚቀረው መሃል ላይ ያለው ነው። ስሙን ልትለምዱ ስትሉ መቆለፊያ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ቡድኑ ማሸነፉም ለትልቁ ክለብ ግድ አይሰጠውም። ፒቸሩ አዲስ አወራወር እንዲለምድ ከተፈለገ ይለምዳል፤ እየተሸነፈም ቢሆን። ትኬት የገዛው ሰው ጮኸ አልጮኸ፣ የቦስተን ሰዎች ማስታወሻቸውን ይይዛሉ።

ሶፎሞር ሊግ ላይ የነበሩትን ከተሞች ካርታ ላይ ብታዩ ትደነግጣላችሁ። ሚድላንድና ኦዴሳ ነዳጅ አላቸው። ሆብስ፣ አርቴሺያ፣ ሮዝዌል ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ናቸው። ካርልስባድ ፖታሽ ስለምታወጣ ቡድኗ "ፖታሸርስ" ነበር። ዳሎላችን ውስጥ ያለው ያ ፖታሽ ማለት ነው፤ ማዳበሪያ የሚሠራበት። አንድ ሰው ለቡድን እንዲህ ያለ ስም ሲያወጣ ደስ ይለኛል። ሰው በሥራው አያፍርም ማለት ነው። በኋላ ላይ አልበከርኪም ገባች፤ ከአልፓይን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያን ዘመን አውቶቡስ! ተጫዋቾቹ ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ልጆች ናቸው። ሌሊቱን ተጉዘው ማታ ይጫወታሉ።

ይህ አካባቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተለየ ዓለም ነበር። በ1954 ሮዝዌል ላይ ጆ ባውማን የሚባል ሰው በአንድ ዓመት 72 ሆም ረን መታ። ይህን ቁጥር በሙያ ቤዝቦል ያለፈው ሰው የተገኘው በ2001 ነው፤ ባሪ ቦንድስ በ73። ባውማን ግን ሜጀር ሊግ አንድ ቀን አልተጫወተም። ከተማው ውስጥ ነዳጅ ማደያ ነበረው። ቀን ቤንዚን ይቀዳል፣ ማታ ኳስ አጥር ያሻግራል። ሆም ረን ሲመታ ተመልካቹ የአንድ ዶላር ኖት በሽቦ አጥሩ ቀዳዳ ያሾልካል፣ እሱ እየዞረ ይለቅማል። ሽልማት ግንባር ላይ እንደ መለጠፍ ነው። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

ባውማን የከተማው ሰው ነበር። ማንም ገመድ ይዞ አልመጣበትም። ከእሱ በኋላ እሱ የተጫወተበት ሊግ ስሙን ቀየረ፣ ደረጃው ወረደ፣ በ1958 ሶፎሞር ሊግ ሆነ። በባውማን ቦታ የትልልቅ ክለብ ጀማሪዎች መጡ። ለውጡ ቀላል አይምሰላችሁ። ሠላሳውን ያለፈና ማደያ ያለው ሰው ቀርቶ፣ በመጪው ዓመት የማይኖር ልጅ መጣ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዊሊ ስታርጀል ነው። በ1959 የመጀመሪያ ዓመቱን በዚሁ ሊግ ተጫወተ፣ በፒትስበርግ ስም። ቡድኑ ዓመቱን የጀመረው ሳን አንጀሎ ላይ ነው፤ መሃል ላይ ገቢ ጠፋና ሮዝዌል ሄደ። ከተማ ቀይረህ ያንኑ ውድድር ትጨርሳለህ። ስታርጀል ጥቁር ነው። ነጭ ጓደኞቹ ያረፉበት ሆቴል አያሳርፈውም፣ እነሱ የበሉበት ምግብ ቤት አያስገባውም። ፕሌይንቪው ከተማ ላይ አንድ ሰው ጠመንጃ ደቅኖ "ዛሬ ማታ ብትጫወት እገልሃለሁ" እንዳለው ኋላ ላይ ተናግሯል። ተጫወተ። በሜጀር ሊግ 475 ሆም ረን መቶ፣ ታላላቆቹ ተጫዋቾች የሚዘከሩበት ዝነኞች አዳራሽ ገባ። አልፓይንን የያዘው ቦስተን ደግሞ ከሜጀር ሊግ ክለቦች ሁሉ መጨረሻ ላይ ጥቁር ያሰለፈ ነው። ፐምፕሲ ግሪን የሚባለውን ተጫዋች ያሰለፈው በሐምሌ 1959 ነው። ካውቦይስ የመጀመሪያ የማይነር ሊግ ዓመታቸውን እየተጫወቱ ሳለ ማለት ነው።

አሁን ወደ አሟሟቱ እንምጣ። አልፓይን ላይ የተለየ ጥፋት የሠራ ሰው የለም። ኮከርኖት አልከሰረም፣ ስታዲየሙም አልፈረሰም። የሞተው ሊጉ ነው፣ ከ1961 ውድድር በኋላ። ቡድን ብቻውን አይጫወትም፤ ጎረቤቶቹ ሲዘጉ አንተም ትዘጋለህ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሊጉስ ምን ገደለው? እንግዲህ ያቺ ሬዲዮ። እሷና ታናሽ እህቷ ቴሌቪዥን።

በ1949 አሜሪካ ውስጥ 59 ማይነር ሊጎች ነበሩ። ከ400 በላይ ቡድን። ትኬት ቆርጦ የገባው ሰው 40 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሊጎቹ ወደ 20 ወረዱ፣ ተመልካቹ ወደ 10 ሚሊዮን። በአሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ከተመልካቹ ሦስት አራተኛው ተነነ።

ቀድሞ ትልልቆቹ ክለቦች ጨዋታቸውን በሬዲዮ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች እንዳይለቁ የሚያግድ ደንብ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደንቡ ተነሣ። በ1953 ደግሞ ኤቢሲ ቴሌቪዥን በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ የሜጀር ሊግ ጨዋታ ማሳየት ጀመረ። እዚህ ላይ ተንኮሉን ልብ በሉልኝ። ትልልቅ ክለቦች ያሉባቸው ከተሞች ውስጥ ስርጭቱ ይዘጋ ነበር፤ የእነሱ ትኬት ሽያጭ እንዳይጎዳ። ታዲያ ማን ያያል? ትንሹ ከተማ። የትልቁ ቤት ገበያ ተጠብቆ የትንሹ ተበላ።

ሰውየው ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ተቀምጦ፣ ዝነኞቹን በነፃ አይቶ፣ ማታ ለማይታወቁ ልጆች ትኬት ይገዛል? ምዕራብ ቴክሳስ ደግሞ ሙቀቱ አይጣል ነው። ቀድሞ ሰው ማታ ስታዲየም የሚሄደው ኳሱን ፈልጎ ብቻ አልነበረም፤ ከቤቱ ሙቀት ሸሽቶም ነው። በ1950ዎቹ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ሲገባ ያም ምክንያት ቀረ። እኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። የከተማ ኑሮ በአንድ የመስኮት ማሽን ሲለወጥ።

ትኬት ሲቀንስ የከተማው ባለቤት እጅ ያጥረዋል። ያኔ ወደ ትልቁ ክለብ ያያል። ትልቁ ክለብም ያሰላል። ስንት ልጅ ነው የሚያስፈልገኝ? ከስንቱ ነው አንድ የሚወጣልኝ? ለስንት አውቶቡስ ልክፈል? እንዲህ ሲያሰላ መጀመሪያ የሚቆረጠው ዲ ነው። በ1963 ሜጀር ሊግ አደረጃጀቱን ሲያስተካክል ቢ፣ ሲና ዲ የሚባሉት ደረጃዎች ጭራሽ ተሠረዙ።  ቴክሳስ የመጀመሪያውን የሜጀር ሊግ ክለብ ያገኘችው ደግሞ በ1962 ነው፣ ሂውስተን ላይ። አልፓይን ላይ መብራቱ በጠፋ በማግሥቱ እንደ ማለት።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ኮከርኖት ለምን ያን እርምጃ ወሰደ? የራሱ ላም ነበረችው እኮ። ከአሥር ዓመት በላይ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ልጆች፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጫወት ነበር። ልቡ ውስጥ ያለውን ማወቅ አልችልም። ግን ኳስ የሚወድ ሰው ይገባኛል። ማሊያው ላይ የቦስተን ስም የሚያስቀምጥ ዕድል ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል። ከትልቅ ቤት ጋር መጋባት ነው። ቴሌቪዥኑ ሰውን ከሜዳ እየሳበው ሳለ ደግሞ "የቦስተን ልጆች እዚህ ናቸው" ማለት ይጠቅም ነበር።

ታሪኩ የድሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2020 መጨረሻ ሜጀር ሊግ የማይነር ሊጉን አስተዳደር ራሱ ጠቅልሎ ያዘው። 160 ከሚሆኑት ቡድኖች 120 ብቻ አስቀረ። ለእያንዳንዱ ትልቅ ክለብ አራት። ከ40 በላይ ከተሞች ጠዋት ተነሥተው ላማቸው የለችም። ከነዚያ አንዷ ማሳቹሴትስ ያለችው ሎወል ናት። ከቦስተን ስታዲየም በመኪና አንድ ሰዓት አትሞላም። ከ1996 ጀምሮ የቦስተንን ጀማሪዎች ስታሳድግ ኖራለች። ቅርበቷ አላዳናትም። ዘመዶች ነበሩ እኮ!

የሜጀር ሊግ ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ሁሉም ውሸት አይደለም። ስታዲየሞቹ አርጅተዋል ይላሉ። የተጫዋች መልበሻ ክፍል ጠቧል፣ መብራቱ ደክሟል፣ ጉዞው ረዝሟል። ይህን ቨርጂኒያ ውስጥ ዉድብሪጅ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ በዓይኑ አይቶታል። የዋሽንግተን ናሽናልስ ታናሽ ቡድን እዚያው ነበር፣ ያረጀ ሜዳ ላይ። አዲስ ስታዲየም ለመሥራት የታሰበው ዕቅድ አልተሳካም። ቡድኑ ወደ ፍሬድሪክስበርግ ሄደ፣ አዲስ ስታዲየም ተሠራለት። ልብ በሉ፣ ሜዳ የማደስ ዕዳው በአብዛኛው የትልቁ ክለብ አይደለም። የከተማውና የትንሹ ባለቤት ነው። የላሟ ባለቤት "በረትህ አርጅቷል፣ አድስ፣ አለበለዚያ እወስዳታለሁ" ይላል። ከንቲባው ይጨነቃል፣ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ይወጣል።

የልጆቹ ደመወዝም ሌላ ጉድ ነው። ለረጅም ዘመን ማይነር ሊግ ተጫዋች በዓመት የሚያገኘው ከፓርኪንግ ሠራተኛ ያንስ ነበር። እኔ ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጬ ስለ እነሱ ስሰማ እቀናባቸው ነበር፣ ሳላውቅ! በ2018 እንዲያውም ኮንግረስ ተጫዋቾቹን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚያስወጣ ሕግ አጸደቀላቸው። ለተጫዋቾቹ አላልኩም፤ ለክለቦቹ ነው። በ2022 ግን ልጆቹ የሠራተኛ ማኅበር ገቡ። በ2023 በተፈረመው ስምምነት የነጠላ ኤ ተጫዋች ዓመታዊ ክፍያ 26,200 ዶላር፣ የሦስት ኤ 35,800 ዶላር ሆነ። አሁንም ሀብት አይባልም። ቢያንስ ግን የቤት ኪራይ ማሰብ ይቻላል። ቡድኑ ቁጥሩ ሲቀንስ ደመወዙ ጨመረ፤ ሁለቱ ተያይዘው ነው የመጡት።

አልፓይን ላይ ስታዲየሙ አሁንም አለ። ቀዩ ድንጋይ፣ የብረቱ ኳስ፣ "ኦ6" እንዳሉ ናቸው። ኮከርኖት በ1987 ሞተ። ሰል ሮስ ይጫወትበታል፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ይጫወቱበታል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ አልፓይን ካውቦይስ የሚባል ቡድን ተመልሷል፣ ፔኮስ በሚባል ትንሽ ሊግ። ይህ ሊግ ከማንም ትልቅ ክለብ ጋር ውል የለውም። ተጫዋቾቹ ማንም ያላስፈረማቸው ወይም የለቀቃቸው ልጆች ናቸው። ክፍያቸው በሳምንት 50 ዶላር ገደማ ሲባል ቆይቷል። የሚያድሩት ብዙ ጊዜ የከተማው ሰው ቤት ውስጥ ነው፣ በነፃ። የማንም ማኅተም የለባቸውም። ገመድ ይዞ የሚመጣባቸውም የለም። አንዳንዶቹ ግን ማታ ማታ ስልካቸውን እያዩ እንዲመጣ ይጠብቃሉ።